1,150 አራት ነጥብ፦ የአባዬን ፋይል ወደ ዩኒኮድ ሳዞር የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 9

ሲዲው ተገኘ። እማዬ ቁም ሳጥኑን ስታስተካክል ከፎቶ አልበሞቹ ሥር አወጣችው። ላዩ ላይ በአባዬ እጅ ጽሑፍ «ተረትና፡ምሳሌ፡የመጨረሻው» ተብሎ ተጽፏል። አባዬ የአማርኛ መምህር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ተረትና ምሳሌ ሲለቅም ኖሯል። መጀመሪያ በደብተር፣ ከዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኮምፒውተር።

የእኔ ላፕቶፕ ሲዲ ማንበቢያ የለውም። መገናኛ ሄጄ በዩኤስቢ የሚሰካ ያገለገለ ማንበቢያ በ1,500 ብር ገዛሁ። ሲዲው ተጭሯል። በሦስተኛው ሙከራ አንድ የወርድ ፋይል ወጣ፤ 94 ገጽ።

ከፈትኩት። የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም።

ማንኛውንም ነገር ከመንካቴ በፊት ፋይሉን ሦስት ቦታ ገለበጥኩት። ይህን በማድረጌ ኋላ ላይ በጣም ተጠቅሜያለሁ።

ጥቅምት 11

ነገሩ ገባኝ። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር ደንብ ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያኔ 345 ምልክቶች ነበሩ። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንት የሚሠሩ ሰዎች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ይስሉ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲኑን ቁጥር ነው። ፎንቱ ግን «ሀ» አድርጎ ያሳየዋል። ፎንቱ ከሌለ «ሀ»ም የለም።

ሌላም ጣጣ አለ። አንድ ፊደል በሚቀመጥበት አንድ ባይት (የኮምፒውተር ማስቀመጫ መለኪያ) ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው። የእኛ 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ይመጣል። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይበቃም፤ ከ256ቱ ውስጥም ለፊደል የማይሆን ቦታ አለ። ስለዚህ የአባዬ ፎንት ለሁለት የተከፈለ ነው። ያው አንድ ቁጥር በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ይሆናል።

እኔ ደግሞ ይህን ከማወቄ በፊት ፋይሉን ተራ ጽሑፍ አድርጌ አስቀምጬ መሥራት ጀምሬ ነበር። ተራ ጽሑፍ የፎንት ስም አይይዝም። የትኛው ቁጥር የየትኛው ፎንት እንደሆነ ጠፋ። የሁለት ቀን ሥራ ጣልኩ።

ጥቅምት 14

ከመጀመሪያው ቅጂ እንደገና ጀመርኩ። ፋይሉን ወርድን በሚመስለው ሊብሬኦፊስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ከፍቼ ወደ አዲሱ የወርድ ዓይነት ቀየርኩት። ከዚያ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ላይ የወርድ ፋይል የሚያነብ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ጫንኩ። ላይብረሪው ጽሑፉን በቁርጥራጭ ያነበዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ የፎንት ስም አለው። ለእያንዳንዱ ፎንት ቁጥሩን ከአማርኛ ፊደሉ ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ከተሠራ፣ ስሙን አይቶ ትክክለኛውን መምረጥ ይቻላል።

ግማሹ ቁራጭ ፎንቱን ሲጠየቅ ባዶ መለሰ። አንድ ምሽት ሙሉ ተቃጠልኩበት። ለካ ፎንቱ በቁራጩ ላይ ሳይሆን በአንቀጹ ስታይል ላይ የተመደበ ከሆነ ቁራጩ ስም የለውም። ባዶ ሲመልስ ወደ ስታይሉ ሂድ የሚል ሁለት መስመር ጨመርኩ። ሠራ።

ጥቅምት 25

ሠንጠረዡ አለቀ። አሥር ቀን ፈጀብኝ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። የአባዬን ደብተር ግራ በኩል፣ የተበላሸውን ጽሑፍ ቀኝ በኩል አስቀምጬ፣ በቃሌ ከማውቀው ተረት ተነስቼ ፊደል በፊደል አዛመድኩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብቻዋን አሥር ፊደል ሰጠችኝ። «ኟ»ን እና «ዧ»ን የመሰሉት መጨረሻ ላይ ነው የተገኙት።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ገጽ በአማርኛ ወጣ። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ዝም ብላ እስከ ታች አነበበች።

«ይቺ ነጥብ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። ጣቷ አንዱ መስመር ጫፍ ላይ ነበር። አራት ነጥቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ መስመሩ መጨረሻ ላይ፣ ግማሹ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ።

ኅዳር 1

እማዬ ያየቻት ነጥብ የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ሆነች። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊደሉን እንጂ ነጥቡን አላየሁትም ነበር።

አራት ነጥብ ዩኒኮድ ላይ የራሱ ቁጥር አለው፤ በሄክስ (ኮምፒውተር ላይ በሚለመደው ባለ 16 መሠረት አቆጣጠር) 1362፣ በተለመደው አቆጣጠር 4962። ሁለት ነጥብ 1361 ነው። ነጠላ ሰረዝ 1363፣ ድርብ ሰረዝ 1364። ኪቦርድ ላይ ያለው የላቲኑ ሁለት ነጥብ ደግሞ ፍጹም ሌላ ምልክት ነው፤ በተለመደው አቆጣጠር ቁጥሩ 58።

የእያንዳንዱን ምልክት ቁጥር የሚያትም ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ ጽፌ የአረፍተ ነገር መዝጊያዎቹን ቆጠርኩ። የወጣው ይኸው፦

፡፡ (ሁለት ጊዜ የተመታ የአማርኛ ሁለት ነጥብ) 702
:: (ሁለት ጊዜ የተመታ የላቲን ሁለት ነጥብ) 341
: : (መሃሉ ክፍት የሆነ) 88
፡: (አንዱ የአማርኛ፣ አንዱ የላቲን) 19
። (ትክክለኛው) 0

ስብስቡ 1,286 ተረት አለው። 1,150ው በአራት ነጥብ ይዘጋል፤ የቀረው ወይ በጥያቄ ምልክት ያልቃል ወይ መዝጊያ የለውም። ከ1,150ው አንዱ እንኳ በትክክለኛው ምልክት አልተጻፈም። ስክሪን ላይ ግን ከአራቱ ሦስቱን በዓይን ለመለየት በጣም ያስቸግራል።

«ታዲያ ከታየ ምን ቸገረህ» የሚል ሰው ይኖራል። እኔን የቸገረኝ ይህ ነው። «።» ብዬ ስፈልግ ዜሮ ይመጣል። ዩኒኮድ «።»ን ከአረፍተ ነገር መዝጊያዎች ተራ መድቦታል፤ «፡»ን አልመደበውም። ስለዚህ ጽሑፉን በአረፍተ ነገር የሚከፍል ፕሮግራም ፊት 94ቱም ገጽ አንድ ረጅም አረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል። መሃሉ ክፍት የሆነው ደግሞ እማዬ እንዳየችው መስመር ጫፍ ላይ ይሰበራል።

ዩኒኮድ ተመሳሳይ አጻጻፎችን ወደ አንድ የሚያመጣበት ኖርማላይዜሽን የሚባል ሥርዓት አለው። ተስፋ አድርጌ ሞከርኩት። «፡፡»ን አልነካውም። ለኮምፒውተሩ «፡፡» እና «።» ዝምድና የላቸውም። አንዱን ወደ ሌላው ማምጣት የእኔ ሥራ ነው።

ኅዳር 3

ትልቁ ስህተት ዛሬ ነው።

አባዬ በቃላት መሃል ሁለት ነጥብ ያደርጋል። እንደ ድሮው፣ «ድር፡ቢያብር፡አንበሳ፡ያስር» እያለ። እኔ ለፍለጋ እንዲመቸኝ መጀመሪያ «፡»ን ሁሉ በክፍት ቦታ ቀየርኩ። ቀጥሎ ድርብ ክፍት ቦታን ወደ ነጠላ አመጣሁ። ሁለቱም ትክክል ይመስላሉ። ግን «፡፡» ማለት ሁለት «፡» ነው። መጀመሪያ ሁለት ክፍት ቦታ ሆነ፣ ከዚያ አንድ ሆነ። 702 አራት ነጥብ ድምፁ ሳይሰማ ጠፋ። ያወቅኩት ከሰዓት በኋላ ነው።

ቅጂ ስለነበረኝ መለስኩት። አሁን ቅደም ተከተሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል፦ መጀመሪያ ጥንዱ፣ ከዚያ ነጠላው።

ኅዳር 4

በአዲሱ ቅደም ተከተል ሄድኩ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሁለት ነጥቦች፣ የላቲንም ይሁኑ የአማርኛ፣ መሃላቸው ክፍት ቢሆንም ባይሆንም፣ አንድ «።» ይሁኑ አልኩ። ሦስት ነገር ተበላሸ።

አንደኛ፣ ማውጫው። አባዬ ከርዕሱ እስከ ገጽ ቁጥሩ ያለውን ቦታ በ«፡፡፡፡፡፡» ሞልቶት ነበር። ሁሉም ወደ አንድ «።» ተሰበሰበ። ማውጫውን ከሕጉ አስወጣሁት።

ሁለተኛ፣ ከ88ቱ ውስጥ 23 አልተቀየሩም። መሃላቸው ያለው ክፍት ቦታ ተራው አይደለም። የማይሰበረው የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ 160። ዓይን አይለየውም። የፈለግኩት ተራውን ብቻ ስለነበር ዘለላቸው። ማንኛውም ዓይነት ክፍት ቦታ ብዬ ሳሰፋው ገቡ።

ሦስተኛ፣ ለብቻው የቆመውን የላቲን ሁለት ነጥብ ወደ «፡» ስቀይር መግቢያው ላይ ያለው ሰዓትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አብሮ ሄደ። ሰዓቱን «3፡30» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስለሆነ ተውኩት። ጥቅሱን ግን አባዬ ደብተሩ ላይ በ«፥» ነው የጻፈው። ስድስት ቦታ ብቻ ስለሆነ በእጄ አስተካከልኩ። ለስድስት ቦታ ስክሪፕት አይጻፍም።

ማታ እንደገና ቆጠርኩ። «።» 1,150። ሌላው ዜሮ። እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን በዚህ ሥራ የለም።

ኅዳር 10

አሁን ሁለት ነጥቡ። በቃላት መሃል ይቆይ ወይስ በክፍት ቦታ ይቀየር? ዛሬ ብዙ ሰው ክፍት ቦታ ነው የሚጠቀመው። ለማንበብም ለምደነዋል። እማዬን ጠየቅኳት።

«አባትህ ያለ ሁለት ነጥብ ጽፎ አያውቅም። ተማሪ ከረሳው ማርክ ይቀንስ ነበር» አለች።

ይቆያል። ግን ዋጋ አለው። ፓይተን ጽሑፉን በቃል ክፈል ሲባል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። «፡» ለእሱ ሥርዓተ ነጥብ እንጂ ክፍት ቦታ አይደለም። «ከአነጋገር፡ይፈረዳል፤ከአያያዝ፡ይቀደዳል።» አንድ ቃል ተብሎ ተቆጠረ።

መፍትሔው ሁለት ቅጂ መያዝ ነው። አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለፍለጋ። የፍለጋው ቅጂ ላይ ሥርዓተ ነጥቡ ወደ ክፍት ቦታ ይቀየራል፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመጣሉ። ሰው የፈለገውን ዓይነት ቢጽፍ ያገኛል። የሚታየው ግን የአባዬ አጻጻፍ ነው፤ ሠውም ፀውም በቦታቸው።

ኅዳር 12

ፒዲኤፍ ለማውጣት ሞከርኩ። የተጠቀምኩበት ላይብረሪ መስመር የሚሰብረው ክፍት ቦታ ላይ ብቻ ነው። አባዬ ክፍት ቦታ የለውም። መግቢያው በሙሉ አንድ መስመር ሆኖ ከወረቀቱ ወጣ።

እንደ ዩኒኮድ ሕግ ከ«፡» በኋላ መስመር መስበር ይፈቀዳል። ብሮውዘር ላይ በትክክል ይሰበራል። ላይብረሪው ግን ሕጉን አያውቅም። ከእያንዳንዱ «፡» በኋላ ስፋት የሌለው የማይታይ ክፍት ቦታ አስገባሁ። ገጹ አማረ። ፍለጋው ግን ሞተ፤ ሰው ከፒዲኤፉ ላይ ገልብጦ የሚለጥፈው ጽሑፍ ውስጥ የማይታይ ነገር አብሮ ይሄዳላ። አወጣሁት። የዛሬ ሃያ ዓመት ሌላ ሰው ይህን ፋይል ቢከፍት እኔ የደበቅኩት ምልክት እንዲያስቸግረው አልፈልግም።

ሊብሬኦፊስ ላይ አስገብቼ ከዚያ ፒዲኤፍ አወጣሁ። በትክክል ሰበረው። መጀመሪያውኑ እሱን መሞከር ነበረብኝ።

ኅዳር 19

እማዬ ደብተሩን ከታተመው ጋር እያስተያየች ታርማለች። ስህተት ስታገኝ ትክክለኛውን በስልኳ ጽፋ ትልክልኛለች። ዛሬ 40 መስመር እርማት አስገባሁ። ለማንኛውም ብዬ ቆጣሪውን አስኬድኩት።

«፡፡» 26። «::» 9። የላቲን ነጥብ 5።

ያጸዳሁት ቤት ተመልሶ ቆሸሸ። ጥፋቱ የእማዬ አይደለም። ስልኳ ላይ «።» የት እንዳለ አሳይቷት የሚያውቅ የለም። የላቲኗ ነጥብ የመጣችው ደግሞ ክፍት ቦታ ሁለት ጊዜ ስትነካ ስልኩ በራሱ እያስገባት ነው። ይህን ሴቲንግ አጠፋሁላት።

እኔ ራሴስ በምን ነበር የምጽፈው? ወርድ ላይ 1362 ብለህ ኦልት እና ኤክስ ስትጫን «።» ይሆናል። እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት በሆነው ኡቡንቱ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩን ተጭነህ 1362 ትጽፍና ኢንተር ትላለህ። የድረ ገጽ መጻፊያ በሆነው ኤችቲኤምኤል ላይ 4962 ቁጥሩን ማስገባት ይቻላል። ሁሉም ይሠራል። ግን በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ቁጥር የሚጽፍ ሰው አይኖርም።

ኅዳር 22

ኡቡንቱ ላይ ተከታታይ ቁልፎችን ወደ አንድ ምልክት የሚያቀናብረውን፣ ኮምፖዝ የሚባለውን ቁልፍ ሞከርኩ። ኮምፖዝ፣ ቀጥሎ : ሁለት ጊዜ፣ «።» ይሁን ብዬ የራሴን ፋይል ጻፍኩ። ሠራ። ነገር ግን ነባሮቹ ቅንብሮች ሁሉ ጠፉ። ዋናውን ፋይል አብረህ ጥራ የምትል አንድ መስመር ከላይ ካልተጻፈች የአንተ ፋይል ነባሩን ይተካዋል። ጨመርኳት፣ ወጥቼ ገባሁ፣ ተስተካከለ።

ለእኔ ይበቃል። ለእማዬ አይሆንም።

ኅዳር 30

ኪማን በተባለ የኪቦርድ ፕሮግራም ላይ የራሴን ኪቦርድ ሠራሁ። ነፃ ነው። አንድ ጊዜ የተጻፈ ኪቦርድ ለኮምፒውተርም ለስልክም ይሆናል። የተጠቀምኩበት መሥሪያ ዊንዶውስ ስለሚፈልግ የአክስቴን ልጅ ላፕቶፕ ሁለት ቀን ተዋስኩ።

እርግጥ ዝግጁ የአማርኛ ኪቦርዶች አሉ፤ : ሁለቴ ሲመታ «።» የሚሰጡም አሉ። ልማዱ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት ሴራ የተባለ አጻጻፍ ነበር። አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፎ ወደ ግዕዝ ለማዞር ነው። እዚያ ላይ :: ማለት «።» ማለት ነው። ይህን ሳውቅ «::»ን በሌላ ዓይን አየሁት። ሰዉ ሰንፎ አይደለም። ጣቱ የለመደው ትክክል ነው፤ የጎደለው ከጣቱ በኋላ የሚቀይረው ፕሮግራም ነው።

የእኔ ሕጎች አራት ናቸው። : አንዴ ሲመታ «፡»። ከ«፡» ቀጥሎ : ሲመታ ሁለቱ ተሰብስበው «።»። ከቁጥር በኋላ : ሲመታ እንዳለ ይቆይ፤ ለሰዓት። ከዚያ ላይ : ከተደገመ «።»።

አራተኛዋ የመጣችው ከስህተት ነው። በሦስቱ ብቻ ስሞክር «በ1983» ብሎ የሚያልቅ አረፍተ ነገር መዝጋት አቃተኝ። ቁጥር ስላየ የላቲኑን :: አስቀመጠልኝ። ልክ ስሸሸው የነበረውን።

ታኅሣሥ 3

የእማዬ ስልክ ላይ ጫንኩት። ኪቦርድ መቀየሪያውን ምልክት ሦስት ቀን አሳየኋት። የዛሬውን እርማት ቆጠርኩ። 31 መስመር፣ 31 «።»።

ታኅሣሥ 8

የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ፣ ገጠር ነው ያለው። ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው የያዘው፤ አማርኛ ግን ያነባል። በቀን አንድ ተረት በአጭር መልእክት እልክለታለሁ። በላቲን ብቻ የተጻፈ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። አንድ የአማርኛ ምልክት ከገባበት ግን ወደ 70 ይወርዳል። የዛሬዋ ተረት በእኔ አቆጣጠር 70 ነበረች። በሁለት መልእክት ሄደች፤ የሁለት ሂሳብም ተቆረጠ። ለካ ከድሮ ፋይል ነው የገለበጥኳት። መጨረሻዋ «፡፡» ነው። 71።

የድሮዎቹን ፋይሎች ለብቻ ፎልደር አስገብቼ ቆለፍኳቸው።

ታኅሣሥ 15

ሁለት ቅጂ አሳተምኩ። ማተሚያና ስፓይራል 860 ብር። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ነው የተጠቀምኩት። በመጀመሪያው የሙከራ ገጽ ላይ «?» ብቻ ወፍሮ ወጣ። የጥያቄ ምልክቱ ከላቲን ፎንት ነው የመጣው፤ ሊብሬኦፊስ ለላቲን ሌላ ፎንት ተመድቦለት ነበር። ሁለቱን አቀራረብኳቸው። ባለ ሦስት ነጥቡ የግዕዝ ጥያቄ ምልክት «፧» ዩኒኮድ ላይ አለ፤ 1367 ነው። ግን አባዬ ደብተሩ ላይ «?» ነው የጻፈው። እንዳለ ተውኩት።

እስካሁን የወጣው ወጪ፦ ማንበቢያ 1,500፣ ሕትመት 860፣ ለሙከራ ገጾች 120። በድምሩ 2,480 ብር። ጊዜ፣ ሁለት ወር ከምሽት ሥራ ጋር።

ታኅሣሥ 17

የቀረ ሥራ አለ። 14 መስመር አልተነበበም። ሲዲው የተጫረበት ቦታ ላይ የነበሩ ይመስለኛል። ከደብተሩ ላይ ለማግኘት ብሞክር ሁለት ቅጠል ተቀድዷል።

የተረፉትን ፊደላት ለእማዬ አነበብኩላት። ዘጠኙን ገና መጀመሪያውን ስትሰማ ጨረሰቻቸው። ስልኳን አንስታ ራሷ ጻፈቻቸው፤ በሁለት ነጥብ እየለየች፣ በአራት ነጥብ እየዘጋች። አምስቱን ግን አታውቃቸውም። ከተወለደበት አገር የለቀማቸው ይሆናሉ አለች። እነሱን ለጋሼ ነገ እልካለሁ፤ አምስት መልእክት ነው።